እጀታ የሌለው በር

ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ልገላገል። ይህ ታሪክ እኔና ወንድሜ ስለ አንድ አሮጌ የአሜሪካ መኪና መልክ ስንከራከር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የገዛ አባታችንን ለመግደል ጥቂት የቀረንበት ታሪክ ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል። «ለመኪና?» ይለኛል። አዎ፣ ለመኪና። እኔም እዚያ ባልኖር ኖሮ እስቅ ነበር።

ይርጋ እባላለሁ። ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ኪርያት ማታሎን በሚባለው ሰፈር ውስጥ የተጋጨ መኪና የማቃናበት ጋራዥ አለኝ። ከጎንደር ስንመጣ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ታናሼ ጋዲ ግን እዚሁ ተወልዶ አሚሻቭ ሰፈር ነው ያደገው። ወሬ እወዳለሁ፣ አልዋሻችሁም። ቤተሰቡ «ሬዲዮ» ይለኛል፤ አንዴ ከተከፈትኩ የሚዘጋኝ የለም። ቁጣም አለብኝ። ጋዲ ደግሞ የኔ ተቃራኒ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ እጁ የተባረከ፣ ከአፉ ግን ቃል ለማውጣት ጉልበት ይጠይቃል። ሲናደድ አይጮህም፤ ስልኩን አውጥቶ ማየት ይጀምራል። እሱ ስልኩን ባወጣ ቁጥር የኔ ደም ይፈላል።

አባታችን አባ ፈንታ ሽማግሌ ናቸው፣ በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሥራም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲኳረፉ፣ ከሌላ ከተማ ሳይቀር በመኪና እየመጡ ይወስዷቸዋል። እሳቸው በተቀመጡበት ሽምግልና አንድ ደንብ አለ። ታላቅ ይጀምራል፤ እስኪጨርስ ድረስ ሌላው ትንፍሽ አይልም፤ ሽማግሌውም አያቋርጠውም። ሰውየው ይዋሽ፣ ይሳደብ፣ አንዱን ነገር እየመላለሰ ያሰልች፣ አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ሲያበቃ «ጨረስክ?» ይላሉ። «ጨረስኩ» ካለ በኋላ ነው ወደ ሌላኛው የሚዞሩት። እኔ እንግዲህ በዚህ ደንብ ነው ያደግሁት፤ ታላቅ በመሆኔም ሁልጊዜ የምጀምረው እኔ ነበርኩ።

መኪናው ሙስታንግ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የስልሳዎቹ። እኔና ጋዲ ስናገኘው ዝገት የበላው ባዶ አካል ነበር። ዓርብ ዓርብ እየተገናኘን፣ ቆርቆሮውን እኔ፣ ሽቦውን እሱ፣ ደስ ብሎን ስንሠራ ከረምን። የተጣላነው መልኩ ላይ ስንደርስ ነው። እኔ እንደ ጥንቱ ይሁን አልኩ፤ ክብ መብራት፣ የሚያብረቀርቅ ፓራውልት፣ የኋላ መብራቱም ሦስት ሦስት ሆኖ እንደተሰለፈ። ጋዲ «ፋብሪካው ራሱ መልኩን ስንት ጊዜ ቀየረው፣ እኛ ብንቀይረው ምን አለበት?» አለ። እኔ ጮህኩ፣ እሱ ስልኩን አወጣ። በመጨረሻ «እንግዲያ ውሰደው፣ እንዳሻህ አድርገህ አበላሸው!» አልኩት። ወሰደው። ከፋሲካ ጀምሮ ቃል አልተነጋገርንም።

ቃል አልተነጋገርንም ስላችሁ በአፍ ማለቴ ነው። የድሮ የአሜሪካ መኪና የሚወዱ ሰዎች የዋትሳፕ ቡድን አለን፤ አብዛኛው ራሺያው፣ የመናዊው፣ ሞሮኮው ነው፣ ከኛ ጥቂት ነን። እዚያ ውስጥ እኔና ጋዲ ስንሞላለጭ ሰው ሁሉ እየሳቀ ያነባል። የመኪናውን አዲስ ፊት ፎቶ ሲለጥፍ «ይህ መኪና ነው ወይስ የልብስ ማጠቢያ?» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ደግሞ «ሙዚየም ግባ፣ ትኬት እቆርጥልሃለሁ» አለኝ። ወሬው አባቴ ጆሮ ደረሰ።

«የሰው ልጅ አስታርቃለሁ፣ የኔ ልጆች በቴሌፎን ይሰዳደባሉ» አሉኝ ደውለው። ድምፃቸው ውስጥ እፍረት ነበረ። «ዓርብ እመጣለሁ። ሁለታችሁም ትኖራላችሁ።»

ዓርብ ቡድኑ እኔ ጋራዥ ግቢ የሚሰበሰብበት ቀን ነበር። ሌላ ቀን ይሁን ማለት አልቻልኩም፤ ለአባቴ «ሌላ ቀን» አይባልም።

ወሩ ሐምሌ ነው። የእናንተን የዝናብ ሐምሌ አታስቡ፤ እዚህ ሐምሌ እሳት ነው። አባቴ ለሽምግልና ሲወጡ የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው፣ ከአውቶቡስ ወርደው በእግራቸው መጡ። «አባ፣ ደውለውልኝ ቢሆን በመኪና አመጣዎት ነበር እኮ!» አልኳቸው። «ሥራ ላይ ነህ ብዬ ነው» አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ለወጉ ቀምሰው አስቀመጡት።

ጋዲ መጣ። ሞተሩ ገና ከመንገዱ ማዶ ይሰማል፣ ደረት ያንቀጠቅጣል፤ እሱንስ አሳምሮታል፣ ምን እላለሁ። መኪናው ጥቁር ሆኗል። ክብ መብራቱ የለም፣ በቦታው ሁለት ቀጭን መስመር ገብቷል። የጎኑና የኋላው መስታወት ወጥቶ እንደ ውድድር መኪና በማይሰበር ፕላስቲክ ተተክቷል። በሩ ደግሞ ለጥ ያለ ነው፤ ከውጭም ከውስጥም እጀታ የለውም። ጋዲ በእጁ ያለውን ሪሞት ተጫነ፣ በሩ «ጠቅ» ብሎ ራሱ ተከፈተ። ግቢው በጩኸት ተናጋ። ያን ጊዜ ቅናት ይሁን ንዴት እንጃ፣ ፊቴን አዞርኩ።

ጋዲ መብራቱን አሳየ፣ ሙዚቃውን ከፈተ፣ ኮፈኑን በሪሞት ከፍቶ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። አባቴ በዝግታ መኪናውን ዞሩት። ከዚያ «ልቀመጥበት» አሉ። «ሳላየው እንዴት እፈርዳለሁ?»

«ግባ አባ» አለ ጋዲ። እዚህ ስለተወለደ አንቱ ማለት አይሆንለትም። «ማዝጋኑን ላብራልህ፣ ጥሩ ብርድ አለው።» ፊት ወንበር አስቀመጣቸው፣ የቀዝቃዛ አየሩን ከፈተላቸው፣ ብርዱ እንዳይወጣ በሩን ዘጋ። በአክብሮት ነው የዘጋው። ሁላችንም አየነው፣ ሁላችንም ደስ አለን።

ክርክሩ ወዲያው ተጀመረ። አንዱ «ፊቱን ከቀየርከው ስሙንም ቀይር» ይላል፤ ሌላው «የስልሳዎቹ ሰዎች የዘመኑን ነገር ነው የሠሩት፣ እኛስ?» ይላል። የመኪና ጎታች የሆነው ራሺያው ስላቫ ጆሮውን ይዞ «ሞተሩን አጥፉት፣ አንሰማማም!» አለ።

ጋዲ ሪሞቱን ተጫነ፣ ሞተሩ ጠፋ። «በሰደር፣ ማዝጋኑ በባትሪ ይሠራል» አለ፤ በሰደር እዚህ አገር «ደህና ነው፣ ችግር የለም» ማለት ነው።

ስላቫ ወደኔ ዞሮ «በሉ እንግዲህ፣ ሁለታችሁ ጨርሱት። ይርጋ፣ አንተ ጀምር» አለኝ።

ይርጋ ጀምር! ለኔ እንዲህ ይባላል? መሀል ገባሁ። አባቴ በፊት መስታወቱ በኩል እያዩኝ ነበር፤ ጋዲ ግድግዳ ተደግፎ፣ እጁን አጣጥፎ ተራውን መጠበቅ ጀመረ። በዕብራይስጥ ጀመርኩ፣ ከዚያ አባቴ ይስሙኝ ብዬ ወደ አማርኛ ገባሁ፣ ለቡድኑ ደግሞ መልሼ በዕብራይስጥ። በሩ ተዘግቶ እንዴት ይሰሙኛል? አላሰብኩትም። ስለ መብራቱ ተናገርኩ፣ ስለ ኮፈኑ ርዝመት ተናገርኩ፣ የሰው ልፋት ስለማክበር ተናገርኩ። ከዚያ ከመኪናው ወጣሁና ወደ ጋዲ ሄድኩ። ታላቁን አይሰማም፣ ያሳደግኩት እኔ፣ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ የሄድኩለት እኔ፣ አሁን የሠራሁትን ቆርቆሮ ቀዶ ጣለው... ሰዉ ያጨበጭባል። ሲያጨበጭቡልኝ ደግሞ ያብስብኛል።

አባቴ እጃቸውን አነሱ።

አየኋቸው። እንደመመረቅ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ነበር፤ ከቡድኑ አንዱ እጁን አውለብልቦ ሰላም አላቸው። እኔ «ቀጥል፣ እውነትህን ነው» ያሉኝ መስሎኝ ልቤ ሞቀ። ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፣ ቀስ ብለው፣ የሰው ቤት እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

ጣቴን ወደሳቸው ቀስሬ «አባ፣ አልጨረስኩም!» አልኩ።

አባቴ እጃቸውን አወረዱ።

እጃቸውን አወረዱ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ አንገታቸውን ደፉ። ሰው ሲናገር እንደሚያደርጉት። እኔ ደግሞ ንግግሬን ቀጠልኩ።

ምን ያህል እንደተናገርኩ ዛሬም አላውቅም። ያቆመኝ ጋዲ ነው። ከግድግዳው ተላቆ «አባ ቆቡን አወለቀ» አለ። በዕብራይስጥ ነው ያለው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

አባታችን ቆባቸውን ሰው ፊት አያወልቁም። ዞር አልኩ። ቆቡ ጭናቸው ላይ ነው፣ ኮታቸው ከላይ እስከታች ተከፍቷል፣ ራሳቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ፊታቸው ላይ ላብ አልነበረም። በዚያ ሙቀት ላብ የሌለው ሰው!

ጋዲ እየሮጠ ሪሞቱን ተጫነ። ምንም። እንደገና ተጫነ። ምንም። ማዝጋኑ፣ ሙዚቃው፣ መብራቱ ተባብረው ባትሪውን ጨርሰውታል። ማዝጋኑም መቼ እንደቆመ ማንም አላወቀም። አባቴ በተዘጋ ጥቁር ብረት ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ተራቸውን ሲጠብቁ ነበር።

«ክፈተው!» ብዬ ጮህኩ።

«ባትሪው ሞቷል!»

«በእጅ ክፈተው!»

«በእጅ የሚከፈት የለውም! የለውም ይርጋ!»

ስላቫ የባትሪ መቀስቀሻውን ይዞ መጣ። ኮፈኑም በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው፤ ከሥር ገብቶ ሽቦ ሊፈልግ ሞከረ፣ ጋዲ ከሥርም በቆርቆሮ ዘግቶታል። አንዱ አምቡላንስ ይጠራል። እኔ መዶሻ አንስቼ የጎኑን መስታወት ቀጠቀጥኩት። ፕላስቲኩ መዶሻውን መልሶ ወደ ግንባሬ ወረወረው። ደግሜ መታሁት፣ ጭረት ብቻ ወጣበት። «አባ! አባ! ይስሙኝ!» እላለሁ። ዓይናቸው ግማሹ ተከፍቷል፣ ግን አያዩኝም። የብረት መቁረጫውን ሰካሁት። ጋዲ እጄን ይዞ «ፍንጣሪው ነዳጁ ላይ! ታቃጥለዋለህ!» አለ። ገፈተርኩት። ተመልሶ ያዘኝ።

«ስማኝ!» አለኝ። በሕይወቱ ጮሆብኝ አያውቅም። «አንዴ ስማኝ! የፊቱ መስታወት አልተቀየረም! ላስቲኩ የድሮው ነው!»

ገባኝ። የድሮው መኪና የፊት መስታወት የሚቆመው ዙሪያውን በላስቲክ ተይዞ ነው። ላስቲኩ ከተቆረጠ መስታወቱ ይወጣል። ሁለት ቢላዋ አመጣሁ። እሱ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ፣ ኮፈኑ ላይ ተንበርክከን መቁረጥ ጀመርን። ብረቱ ጉልበቴን ይጠብሰኛል። ላስቲኩ ደርቆ እንጨት ሆኗል፣ ቢላዋው ይንሸራተታል፣ ጣቴን ቆረጠኝ፣ አላቆምኩም። በመስታወቱ ማዶ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የአባቴ ፊት አለ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እስትንፋሳቸው መስታወቱን እንኳ አያደበዝዘውም። «አምላኬ፣ አይሙቱብኝ፣ ይህን ብቻ» አልኩ።

ጋዲ እያለቀሰ ይቆርጣል። «ላይኛውን ያዝ» አለኝ፣ ያዝኩ። «አሁን ሳበው» አለኝ፣ ሳብኩ። እድሜዬን ሙሉ ሰው ያዘዘኝን ያለመልስ የፈጸምኩት ያኔ ብቻ ይመስለኛል። መስታወቱ ተላቆ ወጣ። የወጣው ሙቀት ፊታችንን ለበለበው። ጋዲ በሆዱ ገባ፣ አባታችንን ከብብታቸው ሥር አቀፈ፣ እኔ ከውጭ ተቀበልኩ። እንዴት ቀላል ነበሩ! ጥላ ሥር አስተኛናቸው፣ ስላቫ የመጠጥ ማቀዝቀዣውን በረዶ ሁሉ አንገታቸውና ብብታቸው ሥር ደፋው። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ በመኪናው መልክ ላይ ሲከራከር የነበረው ሰው ሁሉ በካርቶን ሲያራግብ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ እኔንና ጋዲን ከበሩ ውጭ አስቀሩን። ሐኪሟ ወጥታ «ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙ ሞቋቸዋል፤ እንጠብቅ» አለች። ተጠባበቅን። ጋዲ ጎኔ ተቀምጧል። ሬዲዮው ጠፍቷል።

ዓርብ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሊገባ ሲል ነቁ። ሐኪሟ «ምን ያምምዎታል?» አለቻቸው። «በሰደር፣ በሰደር ነኝ» አሉ፣ ምላሳቸው እየተያያዘ። ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ከንፈራቸው ቆስሎ፣ በሰደር! ከዚያ ወደኛ ዞሩ።

«አባ» አልኩ። «ለምን አልጮሁም? ለምን መስታወቱን አልደበደቡም?»

በመገረም አዩኝ። «አልጨረስኩም አልከኝ እኮ» አሉ።

ወቀሳ አልነበረም። እውነቱን ነው የነገሩኝ። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ፤ ሰው ባለበት እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ጠበቁኝ። ሲቀልለኝ «አሁንስ ጨረስክ?» አሉ።

«ጨረስኩ፣ አባ።»

«እንግዲያ ጋዲ፣ ተራው ያንተ ነው።»

ጋዲ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ምንም የለኝም አባ። ገደልኩህ እኮ። መኪናውን እቆራርጠዋለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም» አሉ። «ተራህን ነው ያልኩህ። እሰማለሁ።»

ጋዲ ረጅም ዝም አለ። እኔ ልሞላው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ስንት ጊዜ ዘጋሁ። በመጨረሻ በተሰባበረ አማርኛው ጀመረ። «ይርጋ ሁልጊዜ ስለኔ ይናገራል» አለ። «ትምህርት ቤት እሱ ተናገረ። ወታደር ስሄድ እሱ ተናገረ። ሚስቴ ቤት ሽማግሌ ስንልክ እንኳ፣ እኔ ምን እንደምወድ እሱ ተናገረ። ጥሩ ነው የተናገረው፣ በሰደር። ግን አንድ ነገር የኔ ፊት እንዲኖረው ፈለግኩ። አንድ ነገር።» ከዚያ አማርኛው አለቀበትና በዕብራይስጥ ቀጠለ፤ አባቴ ግማሹን እንዳልያዙት አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰሙት። እኔም ሰማሁት። ያ ሁሉ ዓመት ወንድሜን ዝምተኛ ነው ስል፣ ቦታ ስላልተውኩለት መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

«ጨረስክ?» አሉት።

«ጨረስኩ።»

«መኪናው የጋዲ ነው» አሉ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው። «መልኩን እንዳሻው ያድርገው። ከውስጥ የሚከፈት በር ግን ያብጅለት። ይርጋ፣ አንተ ታግዘዋለህ፤ እሱ ያለህን ትሠራለህ።»

ፍርዱ ይህ ነበር። እንደተባለው አደረግን፤ ቀጭኑ መብራት ዛሬም አለ፣ ዛሬም አልወደውም፣ አልተናገርኩም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ እንደኔ አፈኛ የሆናችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባትና እናቶቻችሁ በሰደር ሲሏችሁ አትመኑ። ክሊኒክ ውስጥ ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ሲሉ፣ አውቶቡስ ላይ ቆመው «አልደከመኝም» ሲሉ፣ በጋ ላይ ማዝጋን ሳይከፍቱ «ሙቀቱ ደህና ነው» ሲሉ አትመኑ። ሰውን ላለማስቸገር ሲሉ ሊሞቱ ይችላሉ፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ይህን ጨዋነት እያወደስን አደግን። እውነት ነው፣ ያምራል። ግን አጠገባቸው የሚለፈልፍ ሰው ካለ ይገድላል። ስለዚህ ንግግራችሁን መሀል ላይ አቁሙ። ዞር በሉ፣ ፊታቸውን እዩ፣ ደግማችሁ ጠይቁ።

እኔ ይህን መልመድ ከብዶኛል። አባቴን አሚሻቭ ሄጄ ስጠይቃቸው አሁንም ወሬ ይዞኝ ይሄዳል። ባለፈው ሰሞን ስለ ጋራዡ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ምርጫ እየተረክሁላቸው ነበር። ጥሩ ቦታ ላይ ደርሻለሁ፣ ሳቁ ሊመጣ ነው። አባቴ እጃቸውን አነሱና፣ እድሜያቸውን ሙሉ ለማንም ያላደረጉትን አደረጉ።

«ይርጋ፣ ዝም በል» አሉኝ። «ወገቤን አሞኛል፣ ትራሱን አስተካክልልኝ።»

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።